ከእጅ የማትሸሽ ዶሮ

ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወይም ከዳባት የገዟት ዶሮ ቤትዎ የምትደርሰው ከሰው ጋር ክፉ ትዝታ ይዛ ነው። ሌሊት ከቆጧ ተይዛ ወርዳለች፤ ሁለት እግሯ ታስሯል፤ ከሌሎች ጋር ቁልቁል ተንጠልጥላ ረጅም መንገድ ተጉዛለች፤ ገበያ ላይም ያየ ሁሉ ክንፏን እየገለጠ፣ ደረቷን እየጨበጠ መዝኗታል። ከዚያ በኋላ እርስዎ እጅዎን ሲዘረጉ ብትሸሽ አይፍረዱባት። ቀጥሎ የምነግርዎ ያቺው ዶሮ ከመዳፍዎ ላይ እንድትበላ፣ ሲያነሷት እንዳትንፈራገጥ፣ ሲመሽም በጥሪዎ እንድትገባ የሚያደርገውን መንገድ ነው። ብዙ ብልሃት የለውም። የሚመግባት እጅ የሚያሳድዳት እጅ እንዳይሆን መጠንቀቅ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

"ደግሞ ከዶሮ ጋር ምን ወዳጅነት አለ?" የሚል አይጠፋም። ለፈንግል በሽታ ክትባት ዓይኗ ውስጥ ጠብታ የሚደረግላት ዶሮ ግቢውን ሦስት ጊዜ አስዙራ ከተያዘች፣ ክትባቱ ሳይጀመር ሰውም ዶሮም ይደክማል። ሰው የምትፈራ ዶሮ እንቁላሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ትጥላለች፤ ስትታመምም ራቅ ብላ ስለምትቆም ሕመሟ የሚታወቀው ከወደቀች በኋላ ነው። የለመደችዋን ግን በየቀኑ በቅርብ ያይዋታል። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ደስታው ደግሞ ምርቃት።

አመጣጧ

ቁልቁል የተንጠለጠለች ዶሮ ዝም ትላለች። ብዙ ሰው ዝምታዋን እንደ መረጋጋት ይቆጥረዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ በሌላ የሚታደን እንስሳ ማምለጫ እንደሌለው ሲያውቅ ደርቆ ይቀራል፣ ዶሮም እንዲሁ። በዚያ ላይ ወፎች እንደኛ ደረትንና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላቸውም። የሚተነፍሱት የደረታቸውን አጥንት ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ቁልቁል ስትሆን የሆድ ዕቃዋ ይጫናታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል።

ስለዚህ ገበያ ሲሄዱ ቅርጫት ወይም ጎኑ የተበሳ ካርቶን ይዘው ይሂዱ። ካልያዙ ክንፎቿን በነጠላ ሸፍነው ብብትዎ ሥር ያድርጓት፤ በአንድ እጅዎ እግሮቿን ከሥር ይደግፉ። ከደባርቅ ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ የምትመጣ ከሆነ ጣራ ላይ አያስጭኗት። የወገራን ነፋስ የሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቅም።

ምርጫውም ላይ ጥቂት ልበል። አንዲት ዶሮ ብቻ አይግዙ። ዶሮ የመንጋ እንስሳ ናት፤ ለብቻዋ ስትሆን ቀኑን ሙሉ በሥጋት ትቆማለች፣ በሥጋት ያለ ፍጥረት ደግሞ አዲስ ነገር አይማርም። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። ገበያ ላይ እጅ ሲቀርባት ፈዛ የምትቀመጠዋን "ይቺ ገራም ናት" ብለው እንዳይወስዷት። ዓይኗ የተከደነ፣ ላባዋ የተነፋ፣ ኩሷ አረንጓዴና ውኃ የሆነ ዶሮ ገራም ሳትሆን በሽተኛ ናት። የሚሻለው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ በአንድ ዓይኗ እርስዎን የምትመረምረው ናት።

የሀበሻ ወይስ የፈረንጅ? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከመጣ ወዲህ የ45 ቀን ጫጩት በየቀበሌው የታወቀ ነው፤ ሳሶ፣ ኮይኮክ፣ ቦቫንስ ብራውን እየተባለ። እነዚህ ከተፈለፈሉ ጀምሮ ሰው መኖ ሲያፈስላቸው ያደጉ ስለሆኑ ቶሎ ይለምዳሉ። ገብስማዋ፣ ወሰራዋ፣ ቀይዋ የሀበሻ ዶሮ ግን ከጭልፊት እየሸሸች ያደገች ናት፤ ልቧን የምትሰጠው ቀስ ብላ ነው። በእንቁላል የፈረንጇ ትበልጣለች፤ ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተመገበች በዓመት ከ250 በላይ ስትጥል የሀበሻዋ ከ60 እምብዛም አታልፍም። እኔ ግን ለክፍት ግቢ የሀበሻዋን እመርጣለሁ። የፈረንጇ ሰውን እንደምታምን ውሻንም ታምናለች።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ይተዋት

አዲሶቹን ዶሮዎች ከነባሮቹ ለሁለት ሳምንት ለይተው ያቆዩ። ይህ ለበሽታ ጥንቃቄ ነው፤ ለማላመድም ይጠቅማል። ማታ የምትወጣበት ቆጥ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጥሬ፣ እንዲሁም አመድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ይኑራት። አፈሩ ውስጥ ስትንከባለል ቅንቅኗ ይራገፋል። አፈር የምትታጠብ ዶሮ ካዩ መረጋጋት መጀመሯን ይወቁ፤ የፈራች ዶሮ መሬት ላይ አትጋደምም።

በብዙ ቤት አዲስ ዶሮ እንዳትጠፋ እግሯ በገመድ ከችካል ጋር ይታሰራል። ዶሮዋ አትጠፋም፤ ግን ሰው በቀረበ ቁጥር ልትበር ትነሣለች፣ ገመዱ ይጎትታታል፣ ትወድቃለች፤ በየቀኑ የሚያስተምራት ሰው ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ ነው። ከዚያ ይልቅ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ዘግተው ያቆዩዋት። በዚያው ጊዜ ቆጧን ስለምታውቅ ሲከፈትላት ማታ ራሷ ትመለሳለች።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ ደጋ ዶሮን የሚጎዳት ከብርዱ ይልቅ እርጥበትና በስንጥቅ የሚገባ ነፋስ ነው። ቆጡን ከነፋሱ አቅጣጫ ያዙሩት። በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያሳድሩ ከሆነም ከምድጃው ጭስ መንገድ ላይ አያድርጉት።

በዚህ ሳምንት አይንኳት፣ አያንሷት፣ ልጆችም አያባርሯት። እርስዎ የሚያደርጉት ውኃና ጥሬ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ድምፅ።

ድምፅ፣ ነጠላ፣ አቀማመጥ

ጥሬውን ከመበተንዎ በፊት ይጥሩ። "ኩት ኩት ኩት" የሚለው ጥሪ በቂ ነው፤ ቤትዎ ሌላ ልማድ ካለው እሱን ይያዙ፤ ዋናው አለመቀያየሩ ነው። ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ፦ ድምፁ ይቀድማል፣ ጥሬው ወዲያው ይከተላል። ጥሬ ሳይዙ አይጥሩ። እናት ዶሮ ጥሬ ስታገኝ ጫጩቶቿን ቶሎ ቶሎ በሚደጋገም ድምፅ እንደምትጠራ አይተዋል፤ ዶሮ ድምፅን ከምግብ ጋር ማያያዝ በተፈጥሮዋ ያለ ነው። እርስዎ የሚጨምሩት የራስዎን ድምፅ ብቻ ነው። "እሽ!" የሚለው ማባረሪያ ግን ከዚህ ቦታ ይራቅ። ጓሮ ውስጥ ጎመን ሲበሉብዎ "እሽ" የሚል ሌላ የቤት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ትንሽ ተንኮል ቢመስልም ይሠራል።

የዶሮ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፤ ቀለምም ከኛ አብልጣ ትለያለች። ከሁሉም የሚያስደነግጣት ከላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ከላይ የሚመጣው ጭልፊት ስለሆነ። በነፋስ የሚውለበለብ ነጠላ ወይም ጋቢ በዓይኗ ሰፊ ክንፍ ነው። ስለዚህ ወደ ዶሮዎቹ ሲሄዱ ነጠላዎን አደግድገው ይሂዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብስም ኮፍያም ባይቀያይሩ ጥሩ ነው። ቆመው አያጎንብሱባት። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ጎንዎን ሰጥተው ይቀመጡ፤ ፊት ለፊት አፍጥጦ ማየት የአዳኝ አመል ነው። ቡና እየጠጡ ይሁን፣ ምስር እየለቀሙ ይሁን፣ ከእሷ ምንም የማይፈልግ ሰው ይምሰሉ።

ከመሬት ወደ መዳፍ

ማለዳ፣ ዋናው መኖ ሳይቀርብ፣ ትንሽ ራብ ሲኖራት ይጀምሩ። አስርቦ ማላመድ ግን አይገባም፤ ከራባት ዶሮ የሚያገኙት ሽሚያ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ይበትኑ። በረጋ መንፈስ ስትለቅም ካዩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያቅርቡት፤ እግርዎ አጠገብ እስኪደርስ። ከዚያ በሣህን አድርገው በርጩማው ሥር ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ ሣህኑን በእጅዎ ይዘው መሬት ላይ ያኑሩት። በመጨረሻ ሣህኑ ይቀርና መዳፍዎ ተዘርግቶ መሬት ላይ ይጋደም። በማንኛውም ደረጃ ወደ ኋላ ካፈገፈገች አንድ ደረጃ ይመለሱ። የፈረንጇ ይህን ሁሉ በሳምንት ልትጨርሰው ትችላለች፤ ለሀበሻዋ ግን ወርም ቢፈጅ ቅር አይበልዎ።

በመዳፍ የሚሰጠው በሌላ ጊዜ የማታገኘው ነገር ቢሆን ይመረጣል። የተቀቀለ ስንዴ፣ የተከካ በቆሎ፣ የተቀረደደ ጎመን መልካም ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ትልና ምስጥ ነው፤ የላመ ፍግ ሲገለብጡ የሚወጣውን ትል በመዳፍዎ ካቀረቡላት ያቺ ዶሮ እርስዎን አትረሳም። ጨው ያለበት የወጥ ትርፍ አይስጡ፣ ጨው ዶሮን ይገድላል። የሻገተ እህልና ጥሬ ቦሎቄም እንዲሁ አይሰጥም። የጠላ አተላ በልኩ ይሁን፤ የሰከረች ዶሮ ለጨዋታ ታስቃለች እንጂ ለጤናዋ አይበጅም።

ስትጭርና ስትነቁር መዳፍዎን አያንቀሳቅሱ። ምንቃሯ ያስደነግጣል እንጂ እምብዛም አያምም። አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ፈተና ይመጣል፦ ዶሮዋ እጅዎ ላይ ናት፣ ጭብጥ አድርገው ቢይዟት ትያዛለች። አይያዟት! "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት" ይባላል፤ ዶሮ አንዴ ትታለል ይሆናል፣ ሁለተኛ ግን ያን መዳፍ አትጠጋም፤ ያዩ ጓደኞቿም አይጠጉም።

በዚህ መካከል አንዷ ደፋር ከሁሉ ቀድማ ስትመጣ ያያሉ። ዶሮዎች በመካከላቸው ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ሥርዓት አላቸው፤ ይህን ኖርዌያዊው ሼልደሩፕ ኤበ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት ገልጾታል፤ የእኛ እናቶች ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። የመንጋውን ደፋር ካሸነፉ ሌሎቹ እሷን አይተው ይከተላሉ። የመጨረሻዋ ግን በላይኞቿ ፊት ከመዳፍዎ ለመብላት አትደፍርም፤ ብትሞክር ትነቀራለች። ለሌሎቹ ራቅ አድርገው ይበትኑና ለእሷ በሌላው እጅዎ ለብቻዋ ይስጧት።

መንካትና ማንሣት

ከመዳፍ የምትበላን ዶሮ መጀመሪያ የሚነኳት ጀርባዋን አይሁን። ከሥር፣ በደረቷ በኩል፣ በጣት ጀርባ በቀስታ ይንኳት፤ ከዚያ የአንገቷን ሥር። ደኅና ከሆነች መብላቷን አታቋርጥም።

እንቁላል መጣል የጀመረች ቄብ ሲቀርቧት ክንፏን ገለጥ አድርጋ ቁጢጥ ልትል ትችላለች። ብዙ ሰው "ወደደችኝ" ይላል። ቁጢጥ ማለቷ ለአውራ ዶሮ የምታደርገው የመራቢያ ምልክት ነው፤ ለአቅመ እንቁላል እንደደረሰች ይነግርዎታል እንጂ እንዳመነችዎ አይደለም። ያመነች ዶሮ ተነሥታ ትመጣለች።

ሲያነሷት አንድ መዳፍ ከደረቷ ሥር ይግባ፣ እግሮቿ በጣቶችዎ መካከል ይሁኑ፤ ሌላው እጅ ክንፎቿን ከላይ ይያዝ። ወደ ሰውነትዎ ያስጠጓት፤ ደረቷን ግን አይጭመቁ፣ ትንፋሿ እዚያ ነው። ሲያወርዷትም አይጣሏት፤ እግሮቿ መሬት ሲነኩ ይልቀቁ። መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያቆዩዋት፤ ስትወርድ ጥሬ ይጠብቃት።

ግድ መያዝ ሲያስፈልግ፣ ለክትባት ይሁን ለቅንቅን ወይም ለሽያጭ፣ ማታ ከቆጥ ላይ ያውርዷት። ዶሮ በጨለማ እምብዛም አታይም፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ቆጥ ላይ ያለችውን ያለ ግርግር ማንሣት ይቻላል። የስልክዎን መብራት በጣትዎ ጋርደው ይጠቀሙ። የቀን እጅ መጋቢ፣ የማታ እጅ ያዥ ይሁን፤ ዶሮዋ ሁለቱን አታገናኛቸውም። በበዓል ዋዜማ ለእርድ የሚሆነውን አውራ በቀን በግቢው የማሯሯጥ ልማዳችን ግን የወራት ሥራ በአንድ ጠዋት ያፈርሳል፤ የሚሮጠው አንዱ ቢሆንም የሚፈሩት ሁሉም ናቸው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ለፋሲካ የታሰበውን አውራ ስም እንዳያወጡለት ቀድመው ይንገሯቸው። አለዚያ ወጡ ቀርቦ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል አለ፤ 12ቱንም ብልት የሚበላ ይጠፋል።

እናት ዶሮ፣ ጫጩትና አውራ

እንግሊዛዊው ዳግላስ ስፓልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከተፈለፈሉ ጀምሮ ዓይናቸው የተሸፈነ ጫጩቶች ቶሎ ሲገለጥላቸው የሚንቀሳቀሰውን ሰው እንደ እናት ሲከተሉ፣ አራት ቀን ሊሞላቸው ሲል የተገለጠላቸው ግን ሰውን አይተው በድንጋጤ እንደሸሹ ጻፈ። ለእርስዎ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋ ብዙ ነው። ጫጩቶቹ ከእናታቸው ጋር ከሆኑ ግን መንገዱ በእናቲቱ በኩል ነው። እናታቸው ከእጅዎ የምትበላ ከሆነ ጫጩቶቹ ያለ ትምህርት ይመጣሉ፤ ከሸሸች ይሸሻሉ። ስለዚህ ለማቀፍ የሚመርጧት ዶሮ በጣም የለመደችዎ ትሁን። በሃያ አንዱ የእቅፍ ቀናት ብትቆጣ፣ ብትነፋ፣ ብትነክስ አይቀየሟት፤ ጥሬና ውኃ በቅርብ አስቀምጠው ይሂዱ። የገዟቸውን ጫጩቶች ካርቶን ውስጥ የሚያሳድጉ ከሆነ ደግሞ እጅዎን ከላይ አያውርዱ፤ በአንዱ ጎን በር ቆርጠው በመሬቱ ልክ ያስገቡ።

እንድታቅፍ ያልተፈለገችን ዶሮ ቁልቁል መስቀል፣ ላባ በአፍንጫዋ መሰካት፣ እግሯ ላይ ኮሽ የሚል ፌስታል ማሰር በየመንደሩ የሚታይ ነገር ነው። እቅፉን ሊያስተዋት ይችላል፤ ሰውንም ያስጠላታል። ከሥሩ አየር የሚያስገባ ሳጥን ወይም ከመሬት ከፍ ያለ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት፣ ምግብና ውኃ ሳይጓደልባት ጥቂት ቀን ቢያቆዩዋት ከሥሯ ሙቀት ስታጣ ትተወዋለች።

አውራ ዶሮን ከእጅ ጋር ብዙ ማላመድ አልመክርም። ከጫጩትነቱ ታቅፎ ያደገ አውራ የሰው ፍርሃት ሲያጣ ሰውን እንደ ተቀናቃኝ አውራ ሊያይ ይችላል፤ የሚመጣውም በእሾሁ ነው፣ የሚያነጣጥረውም አብዛኛውን ጊዜ ልጆችን ነው። ሲመጣብዎ አይሽሹ፣ አይርገጡትም፤ ረጋ ብለው ይቁሙ፣ ከዚያ በቀስታ ወደ እሱ ይራመዱና እስኪለቅ ድረስ ቦታውን ይያዙበት። ልጆች እንዳይተነኩሱት ይከልክሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የልጅ ዓይን የሚያሰጋ አውራ ከሆነ ግን ምክር አያስፈልገውም፤ በዓል ሩቅ አይደለም።

ሲመሽ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ጠርተው ያስገቡ፤ ሲገቡ ይቁጠሩ። ሸለምጥማጥ ሥራውን የሚጀምረው በጨለማ ነው፤ ጠባብ ቀዳዳም ይበቃዋል። ለመጨረሻ ጊዜ በመዳፍ ጥቂት ጥሬ ይስጡ፤ ያንኑ ጊዜ ዓይናቸውን፣ አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ፣ ኩሳቸውን ይመልከቱ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትመጣው ዛሬ ወደ ኋላ ከቀረች ነገ ማለዳ የምትታይ የመጀመሪያዋ እሷ ትሁን። ከዶሮ ጋር ከዋሉ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልጆች ጫጩት እንዳይስሙ ያስተምሯቸው፣ ጤነኛ የምትመስል ዶሮ እንኳ ተቅማጥ የሚያመጣ ተህዋስ ልትይዝ ትችላለች።

አንድ ነገር ቀርቷል። ፈንግል በብዛት የሚነሣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ሲገባም የለመደችውንም ያልለመደችውንም አይለይም፣ ቤቱን ባዶ ያደርጋል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ በአንድ ብልቃጥ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ፣ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ስለማይቆይ፣ ለሦስት ዶሮ ብልቃጥ የሚከፍትልዎ አያገኙም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ የጎረቤቶችዎን ዶሮዎች ቁጥር ይሰብስቡና ወደ ወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አብረው ይሂዱ። ጎንደር ከተማ ያሉ ከሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም በአቅራቢያዎ ነው። ክትባቱ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባለው ማታም ዶሮዎቹን ከቆጥ አውርደው በቅርጫት ያሳድሩ።